«አልገባኝም» ለማለት ምን ያስፈራል?

ትምህርት ቤት የሚሄዱ የልጅ ልጆች ያሏችሁ ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም። ነገሩ ያልገባው ልጅ «አይ ዶንት ጌት ኢት» ይላል። ቃል በቃል «አላገኘሁትም» ማለት ነውና ምን ጠፋበት ብላችሁ አልጋ ሥር እንዳትፈልጉ። «ዩ ሎስት ሚ» ሲልም የጠፋ ሰው የለም፤ «ንግግርህን መከተል አቃተኝ» ማለቱ ነው። «ካም አጌን?» ካለ ደግሞ ሂዱና ተመለሱ ማለቱ ሳይሆን «እስቲ ድገሙልኝ» እያለ ነው።

እኛም ቃል አላጣንም። «ዞረብኝ»፣ «ግራ ገባኝ»፣ «ውሉ ጠፋብኝ» እንላለን። የተወሳሰበ ክር ፈትታ የምታውቅ ሁሉ የመጨረሻው ከየት እንደመጣ አይጠፋትም። ችግሩ እነዚህን የምንላቸው ለእኩያ ብቻ መሆኑ ነው። ታላቅ፣ መምህር ወይም ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁሉም ወደ አንድ «እሺ» ይጠቀለላሉ።

ይህ «እሺ» ምን እንደሚያስከፍል በነርስነት ዘመኔ ጀውሃ ላይ አይቻለሁ። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባ አያጣውም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት የሆነው ኮአርቴም አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4፣ በሦስት ቀን 6 ጊዜ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ የቀሩት ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር። ለልጅ ደግሞ የፍሬው ቁጥር በክብደቱ ይወሰናል። ይህን ሁሉ አስረድቶ «ገባዎት?» ላለ ሰው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ሲስተር» ነው።

አንዲት እናት እንዲሁ «ገባኝ» አለችኝ። «እስቲ ቤት ስትገቢ እንዴት እንደምትሰጪው ንገሪኝ» አልኳት። «ትኩሳቱ ሲለቀው የተረፈውን ለታናሹ አስቀምጥለታለሁ» አለች። ያልገባት ሰንፋ አይደለም፤ ሰው እየጠበቀ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ማስደገም ነውር መስሏት ነው። በጅምር የቀረ መድኃኒት ግን ወባውን ይመልሰዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? አለመረዳትንም መደበቅ እንደዚያው ነው።

በሽተኛው የሰማውን መልሶ በራሱ አፍ እንዲናገር ማድረግ በጤና ሙያ «ቲች ባክ» ይባላል። ለቤትም ይሆናል። ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ «ገባኝ» እያለ ራሱን የሚነቀንቅ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሊነቀንቅ ይችላል።

ስለዚህ «ገባህ?» ማለቱን ትተን «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» እንበል። እንግሊዝኛ የማታውቅ አያት ለዚህ ከሁሉ ትሻላለች። የሸመደደውን ቢያነበንብላት አትሰማውም፤ ወደ አማርኛ ለመመለስ ደግሞ የግድ ሊገባው ያስፈልጋል። ሲደናቀፍ አንሳቅበት፣ «ደደብ» የምትለዋ ቃልም ከቤታችን ትውጣ። እኛም ስልኩን ሲያሳየን ደፈር ብለን «ዞረብኝ፣ ድገምልኝ» እንበለው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምተናል፤ ካለመጠየቅም ብዙ ነገር ይቀራል።