ጋቢው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ

ለንደን ላይ ብርዱ ለቀቅ አድርጎ ፀሐይ የወጣች ዕለት ሐበሻን ቤቱ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ሪችመንድ ፓርክ የገባ ሰው ያያል፤ ከትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ሥር ነጭ ጋቢ ተነጥፎ፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ሦስት ቤተሰብ ባንድ ላይ ተቀምጦ ሲጨዋወት። እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ጫማቸውን ጥለው ወገባቸው ድረስ በሚደርሰው ሣር ውስጥ ይሯሯጣሉ። መስኩን ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1637 ለአደን ብሎ ያሳጠረው ነው፤ ዛሬም ከ600 የሚበልጡ አጋዘኖች እንደ ልባቸው ይግጡበታል።

ባለፈው ግንቦት እዚያው ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሕፃን እግሯ ጭቃ ነክቶት መጣች። አያቷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጓት ከጉልበቷ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አልለቅ አለቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«መዥገር ናት እኮ! ፈረንጅ አገርም አለ?»

እትዬ ጎጃም ከብት መሐል ያደጉ ናቸው። ከላም ጡት ላይ ስንቱን እንደነቀሉ እየነገሩን ጥፍራቸውን ዘረጉ። ከመሐላችን ነርስ የሆነችው ልጅ ተነሥታ እጃቸውን በአክብሮት ያዝ አደረገች። «እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ፤ በጥፍር አይጭመቋት። ከተጨመቀች ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅቷ ላይ ነው የምትተፋው» አለቻቸው። ከቦርሳዋ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ አወጣች። መዥገሯን ከቆዳው ጋር ከተጣበቀችበት ሥር ያዘችና ሳታጣምም፣ ሳትቸኩል፣ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበቻት። ቅባት አልቀባችም፣ ክብሪት አላስጠጋችም። ቦታውን በአልኮል ጠረገች፣ በስልኳ ፎቶ አነሣች፣ ቀኑን ጻፈች። ልጅቷ ምንም ሳይመስላት ወደ ሣሩ ልትመለስ ፈለገች።

መዥገሯን ጋቢው ላይ አኑረን አየናት። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ስምንት እግር አላት፤ ትሄዳለች። ይህች ገና ያላደገችው ናት፤ ሰውን በብዛት የምትይዘውም ይህችኛዋ ናት፤ ስለማትታይ። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት በሚሆነው ዕድሜዋ የምትበላው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ ስድስት እግር ይዛ ስትፈለፈል አንዴ፣ ስምንት እግር ስታወጣ አንዴ፣ እንቁላል ከመጣሏ በፊት አንዴ። በተረፈ መጠበቅ ነው ሥራዋ። አትዘልም፣ አትበርርም። ሣር ጫፍ ላይ ትወጣና የፊት እግሮቿን ወደ አየር ዘርግታ ትቆያለች። በእነዚያ እግሮች ላይ የእንስሳን ትንፋሽና ሙቀት የምትለይበት ብልት አላት። እግር ሲያልፍ ትጣበቃለች። ምራቋ ቆዳውን ያደነዝዘዋል፣ ደሙንም እንዳይረጋ ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው ቀናት ሙሉ ስትጠጣ ባለቤቱ የማይሰማው።

ነጩ ጋቢ ነገሩን አቅልሎልናል። ተመራማሪዎችም መዥገር ሲፈልጉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ሣሩ ላይ እየጎተቱ በየጥቂት እርምጃው ገልበጥ አድርገው ይለቅማሉ። በደቡብ ለንደን መናፈሻዎች እንዲህ ሲያደርጉ ሪችመንድና ቡሺ ፓርክ ላይ ቦሬሊያ የሚባለውን ባክቴሪያ የያዙ መዥገሮች አግኝተዋል። ከተመረመሩት ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የነከሰች ሁሉ በሽታ ትሰጣለች ማለት አይደለም። ሰው አጋዘኑን ይወቅሳል፤ አጋዘን ግን ያደጉትን መዥገሮች ይመግባቸዋል እንጂ ባክቴሪያውን አያስተላልፍላቸውም። ባክቴሪያው የሚኖረው አይጥና ወፎች ውስጥ ነው፤ መዥገሯ ገና በመጀመሪያ ምግቧ ከእነሱ ትወስደዋለች።

ቦሬሊያ የሚያመጣው በሽታ «ላይም» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው አሜሪካ ኮኔቲከት ካለችው የላይም ከተማ ነው። ፖሊ መሪ የተባለች እናት የራሷና የጎረቤቶቿ ልጆች ጉልበት እያበጠ ሲያስቸግራቸው ዝም አላለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ደውላ መልስ እስኪሰጧት ጠየቀች። ባክቴሪያውን ቪሊ ቡርግዶርፈር መዥገር ሆድ ውስጥ ያየው ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ዛሬ በየዓመቱ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች በላቦራቶሪ ይረጋገጥባቸዋል። በጊዜ ካልታከመ ወደ ነርቭ፣ ወደ መገጣጠሚያ፣ አልፎ አልፎም ወደ ልብ ይሄዳል፤ የፊት አንዱ ጎን ሊጣመም ይችላል።

ቦሬሊያ ለኛ ባዳ አይደለም። የአገራችን ግርሻ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የሚመጣው በመዥገር ሳይሆን በልብስ ቅማል ነው። ክረምት ሲገባ፣ ድሃው ተጨናንቆ አንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር፣ ልብስ የሚለውጠው ሲያጣ፣ ትኩሳቱ ይነሣል፤ ለቀቅ ያደርጋል፤ ደግሞ ያገረሻል። ይህን በሽታ በደንብ ካጠኑት መካከል ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ የተመለሱ ሐኪሞች አሉ። አንቶኒ ብራይሰን፣ ኤልድሪድ ፓሪ፣ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ያከሟቸውን 62 ሕሙማን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትመዋል። ብራይሰን በኋላ እዚህ ለንደን የትሮፒካል በሽታዎች ሆስፒታል ሐኪም ሆነ፤ ፓሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 የአፍሪካን የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠን የሚያግዝ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ግርሻ ላይ ሐኪሞቹን በጣም ያስጨነቃቸው መድኃኒት ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ነበር፤ ባክቴሪያው ባንዴ ሲሞት ሰውነት የሚያሳየው ቁጣ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። የላይም መድኃኒት የሚጀምር ሰውም በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ቀለል ባለ መልኩ ሊያየው ይችላል። በአዲስ አበባ አልጋዎች ላይ የተያዘ ትምህርት ለሪችመንድ ሕመምተኛም ይሠራል ማለት ነው።

«መዥገር የከብት ነው» የሚለውም አባባል ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተነሣ መዥገር አንድ ባክቴሪያ ተለይቶ ወጣ፤ ዛሬ ሪኬትሲያ አፍሪኬ ይባላል። ለሳፋሪ አፍሪካ ሄደው ትኩሳትና የነከሳቸው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይዘው የሚመለሱትን ፈረንጆች የሚያሳምማቸው እሱ ነው። የዘረመሉ ሙሉ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም የተነበበው ያ ከኢትዮጵያ የመጣው ናሙና ነበር። እረኞቻችን ስንት ትኩሳት «ምች ነው» ተብሎ አልፎባቸው እንደሆነ ሳስበው ልቤ ይከብዳል።

ከሪችመንድ ፓርክ በሮቢን ሁድ በር ወጥቶ ትልቁን መንገድ ለሚሻገር ዊምብልደን ኮመን አለ፤ በጫፉ ካኒዛሮ ፓርክ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1936 ተሰደው ሲመጡ ባረፉበት ሰፈር የተቀረጸ ሐውልታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሰባበር ድረስ እዚያ ቆሞ ነበር። ከኛ ሰዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ ዛሬም በዚያ በኩል ማለፍ ይወዳሉ። በሣሩ መሐል አቋርጠው፣ ካልሲያቸውን ሳይስቡ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ላይም የያዘው ሰው ከተነከሰ ከ3 እስከ 30 ቀን ውስጥ በነከሰችው ዙሪያ ቀስ እያለ የሚሰፋ ክብ ሽፍታ ያወጣል ይባላል። በየክሊኒኩ የተለጠፈው ፎቶ ቀይ ክብ ነው፤ ያለውም ነጭ ቆዳ ላይ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ያ ክብ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ፣ ወይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ወይ የተመታ ቦታ የሚመስል ይሆናል። ጭራሽ ሽፍታ የማይወጣበትም ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጥቁር ሕመምተኞች የሚታወቅላቸው ብዙ ጊዜ የሽፍታው ወቅት አልፎ መገጣጠሚያቸው ካበጠ በኋላ ነው። ቆዳቸው በሽታውን ስለደበቀው አይደለም፤ ማንም በእነሱ ቆዳ ላይ እንዲያየው ስላልተማረ ነው። ቱቲንግ በሚገኘው በሴንት ጆርጅስ የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ይህ አንገብግቦት ከሁለት መምህራን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ምልክቶች በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። ተማሪ ነው ያን ያደረገው። ከዚያ በፊት የነበሩት የሐኪሞች ትውልዶች የት ነበሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመዥገር ጉዳይም እየሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው ሃርሎ ውሾች ከመዥገር በመጣ በሽታ ታመሙ። አንጎልን የሚያሳብጠው የመዥገር ቫይረስ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ መዥገሮች ላይ ተገኘ፤ በ2022 ዮርክሻየር ውስጥ የተነከሰ ሰው ያዘ። ይህ ለንደን ላይ ያለን ሰው ከመናፈሻ የሚያስቀር አይደለም። ሣሩ ላይ መቀመጣችን ደስ ይለኛል፤ ይቀጥል። ነጭ ጋቢ ይነጠፍ፣ ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ።

ማታ ቤት ሲገባ ግን ልጆች ሲታጠቡ ይታዩ፦ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጉያ፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር። ሹሩባ ያላትን ልጅ በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም፤ በጣት ይዳሰስ። የተገኘች መዥገር በወረንጦ ትውጣ፣ ቀኑ ይጻፍ። በቀጣዩ ወር አዲስ እብጠት፣ የሚሰፋ ጥላ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ከመጣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ «ሪችመንድ ፓርክ ነበርኩ፣ መዥገር ነክሳኛለች» በሉ። ቀይ ክብ እስኪታይ አትጠብቁ። ለትልልቅ ሰው ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የ21 ቀን ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በጊዜ ከተጀመረ አብዛኛው ሰው ይድናል። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ ቀጠሮ ሲያዝላቸው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቅላቸው፤ ክፍያ የለውም።