ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ያደረው ማን ነው?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄድ መንገደኛ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ የሐረናን ደን ሰንጥቆ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ቆላ ይወርዳል። እርሱ በአንድ ቀን የሚያልፈው ይህ ቁልቁለት ለአካባቢው ከብት አርቢ የዓመት ኑሮው ነው። በጋው ከሮ ቆላው ሲደርቅ ከብቱ ጥላና ሣር ፍለጋ ወደ ደኑ ይወጣል፤ ዝናቡ ሲመለስ ይወርዳል። አንዳንዱ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ሌላው ጎረምሳ ልጆቹን ብቻ ልኮ ይከርማል። ሕዝቡ ይህን ዝውውር «ጎዳንቱ» ይለዋል።

የቤት ለቤት ጥናት ከዚህ ኑሮ ጋር የሚጋጨው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ የቤተሰቡ አባላት ሲመዘገቡ፣ ትናንት ሌሊት በዚህ ቤት ያደረው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ከብቱን ከብቦ ደን ውስጥ ያደረ ወጣት ግን በዚያ ሌሊት በማንም ቤት አላደረም። (ቤተ ሰብ የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ሰውን ከቤት ጋር አጣምሮ የያዘ መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም።) በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው በዚሁ ጥናት ለቃለ መጠይቅ ብቁ ከተባሉት ሴቶች 95 ከመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 86 ከመቶው መልስ ሰጥተዋል። መቶኛው የሚሰላው በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ብቻ ነው። ወራት ሙሉ ከከብት ጋር የከረመን ልጅ ቤተሰቡ ሳያስመዘግበው ከቀረ፣ ከመለሱትም ሆነ ካልመለሱት ወገን አይቆጠርም።

የተለመደው መፍትሔ ደጋግሞ መመላለስ ነው። ሦስት ጊዜ ተመልሶ በር ያንኳኳ መረጃ ሰብሳቢ ገበያ የዋለውን ያገኘው ይሆናል፤ ደን የከረመውን ግን በሦስተኛውም ቀን አያገኘውም። የጎደለውን በጎረቤቱ መተካት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የናሙናው ቁጥር ይሞላል፤ ቤት የሚውለው ሰው ግን ከብት ተከትሎ በሄደው ሰው ስም ይናገራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ደኑና ስለ ግጦሹ የሚወሰነው ሁሉ በመጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ያልተጠየቀውን ሰው ነው።

በአፋር ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 የተሞከረ አንድ ዘዴ ጥያቄውን ገልብጦታል። ክሪስተን ሂምላይንና ባልደረቦቿ ቤትን ትተው መሬትን ናሙና አደረጉ። በካርታ ላይ ነጥቦች በዕጣ ተመረጡ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ክብ ተሠመረ፤ በክቡ ውስጥ ከብቱ የተገኘ ሁሉ ተጠየቀ። አርቢ ይገኝበታል ተብሎ እንደሚገመተው መጠን የክቡ ስፋት ይለያያል። ሰው ቤት ባይኖረውም በአንድ ሥፍራ መቆሙ አይቀርም።

ይህን ዘዴ እንዳለ ወደ ሐረና ማምጣት ግን አያዋጣም። በአፋር ሜዳ ከሩቅ የሚታይ መንጋ እዚህ በዛፍ ይሸፈናል፤ ክቡን ዞሮ ማዳረስም ብዙ ቀን ይፈጃል። ደን የገባው ከብት ግን ውኃ ሳይጠጣ አይሰነብትም። ስለዚህ በደሎ መና የሚሻለው የውኃ ቦታዎችንና ከብቱ ጨዋማ ውኃ የሚጠጣባቸውን ሆራዎች አስቀድሞ መዝግቦ፣ ቦታውንና ቀኑን በዕጣ መርጦ በዚያ መጠበቅ ነው። በየቀኑ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከሚመጣው ይልቅ የመመረጥ ዕድሉ ሦስት ተኩል እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንደመጣ ሳይጠይቁ መመለስ ጥናቱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ክብደቱ የሚሰላው ከዚህ አንድ መልስ ነውና።

የከብቱን ብዛት ግን መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይሰማም። አርቢ ከብቱን ለእንግዳ መቁጠር አይወድም፤ ከቁጥሩ ጀርባ ግብር ይኖራል ብሎም ይጠረጥራል። ስለ ሣሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ከብቱ በሽታ ከተነጋገሩ በኋላ ግን ቁጥሩ ራሱ ይመጣል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መጠይቅ ቤት ለሚውል ሰው የተዘጋጀ ነው፤ የውኃ ዳሩ መጠይቅ መንጋው ጠጥቶ ፊቱን ወደ ደኑ ከመመለሱ በፊት ማለቅ አለበት።