መንኰራኵር በማይደርስበት ደሴት

ለኑሮ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለመለየት፣ ዕቃን በገዛ ትከሻ እንደ መሸከም ያለ ፈጣን መምህር አላገኘንም። በአሰላ የምንኖር ቤተ ሰቦች ለዕረፍት ስንነሣ፣ መኪናው የቻለውን ሁሉ መጫን ልማዳችን ነው። ባለፈው በጋ ግን ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ለማደር ያሰብነው በዝዋይ ሐይቅ መካከል በምትገኘው በቱሉ ጉዶ ደሴት ነበረና፣ መኪናውን ከዳር ትተን ድንኳን፣ ብርድ ልብስና አንድ አገልግል ጩኮ ብቻ ይዘን በጀልባ ተሳፈርን።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሐይቁ ግን በ1,636 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ደጋውን ለቀን ወደ ቈላው ስንወርድ ካፖርታችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ቀዛፊው ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ ያውቃልና፣ ከዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ በማለዳ አስነሣን።

ቱሉ ጉዶ በሐይቁ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ስሟም በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። ነዋሪዎቿ ዛዮች ናቸው፤ ቋንቋቸው ዛይኛም ከሐረሪና ከስልጤ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም የሸሹ ካህናት በዚያ በደብረ ጽዮን ገዳም እንደ ተጠለሉ በትውፊት ይነገራል።

ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን ድንኳናችንን ተከልን። ሌሊት የሞተር ድምፅ አልነበረም፤ ጉማሬ ሲያጓራ ልጆቻችን ተጠጋጉ፤ ኋላም እየለመዱት ያደምጡ ጀመር።

በማግሥቱ የተጠበሰ ቆሮሶ ያቀረቡልን አንድ አዛውንት ልጆቹን፣ «ከወዴት መጣችሁ፣ ልጆቼ?» ብለው ጠየቋቸው። «ከአሰላ» ሲሏቸው ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያስ አፈራችሁ ቀድሟችሁ መጥቷል» አሉ። ከዚያም በክረምት ከታር ሲሞላ የሐይቁ ውሃ እንዴት እንደሚደፈርስ አስረዱ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ ከምሥራቅ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባል፤ በምዕራብ ደግሞ የመቂ ወንዝ ይገባል፤ የተረፈው በቡልቡላ ወደ አብያታ ይፈሳል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ ከሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ገደማ አያልፍም፤ ስለዚህ ከስንዴና ከገብስ ማሳችን ተጠርጎ የሚወርደው ደለል ከወለሉ ላይ በተከመረ ቍጥር የውሃው ስፍራ ይጠባል። መኪናችን ሊደርስበት ካልቻለው ደሴት አፈራችን ግን ያለ ጀልባ ይደርሳል።

ታላቂቱ ልጃችን፣ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ብላ ጠየቀች። በቁልቁለት ማሳ ላይ እርከን መሥራት፣ በወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ መትከል እንደሚገባ ነገርናት። እርሷም፣ «ይህ የገበሬው ሥራ ነው፤ የኛስ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳናገኝ ያን ዕለት በዝምታ ዋልን።

አሁን የታየንን እንናገር። ገበሬው የከታርን ምንጭ ያውቃል፤ መድረሻውን ግን ሁሉም አያይም። ለባለማሳው እርከን ሥራ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ አፈሩ ከማን መረብ ሥር እንደሚያርፍ አሳይቶ ማስረዳት ግን የመምህሩና የሹሙ ድርሻ ነው። የአርሲ ተማሪም ስለ ወንዝ ሲማር ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትሎት ቢወርድ መልካም ነው። ከላይ የሚኖር ሰው የታች ጎረቤቱን ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ የታችኛው ግን የላይኛውን በየክረምቱ ያውቀዋል።