የጀልባ ሥራ የሚበዛው የብስ ላይ ነው

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ባቱ ለሚወርድ ሰው ስለ ደንበል ሐይቅ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዓሣው ትኩስ ነው ወይ? ጉማሬ ይታያል? ደሴቱ ድረስ ስንት ያስከፍላሉ? ስለ ጀልባዋ ደኅንነት የሚጠይቅ እምብዛም አይገጥመኝም። እኔ ያደግኩት አዳማ፣ አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከአይሱዙውና ከባጃጁ መሃል አንዳንዴ ከባቱ ወይም ከቆቃ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የመጣ የጀልባ ሞተር ይጋደም ነበር። እናም እስከ ዛሬ ሐይቅ ዳር ስቆም ሰዉ ወፍ ሲያይ እኔ የማየው የጀልባ ሆድ ነው።

የጀልባ ሆድ ደግሞ በደንብ የሚታየው ተገልብጣ ስትተኛ ነው። ባለፈው ባቱ የሄድኩ ጊዜ ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ጀልባቸውን አስገልብጠው በቢላ ጫፍ የጣውላውን መገጣጠሚያ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ እየወጉ ይሄዱ ነበር። ቢላው ከጠነከረበት ያልፉታል። ሰመጥ ካለላቸው ቆም ብለው በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። ምልክት ካደረጉበት ቦታ አሮጌውን ጥጥ በተጎነበሰ ሚስማር እየጎተቱ አወጡት፤ ጠቁሮ፣ ጭቃ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከዚያ አዲስ ጥጥ እንደ ፈትል አክርረው በእንጨት ሽብልቅና በመዶሻ ቀስ እያሉ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቁት። አጠገባቸው የዘይት ጣሳ ውስጥ ሬንጅ ከሰል ላይ ይንተከተካል። ሬንጁን ጥጡ ላይ አፍስሰው፣ ከላዩ ከጣሪያ ቆርቆሮ የተቆረጠ ቀጭን ጠፍር መቱበት። ሚስማሩም የጣሪያ ሚስማር ነው፤ ተራው ሚስማር ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዝጋል።

«ኦቦ፣ ይሄ ሁሉ በየስንት ጊዜው ነው?» አልኳቸው።

«እሷ ስትፈልግ ነዋ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «መኪና መንገድ ላይ ቢቆምብህ ወርደህ ትገፋዋለህ። ይቺን ወርደህ አትገፋትም።»

እውነታቸውን ነው። ጋራዥ ያደገ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የእንጨት ጀልባ ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ከቆየች ጣውላዋ ይኮማተርና ስንጥቁ ሁሉ ይከፈታል። ጠግነህ፣ ቀለም ቀብተህ፣ አሳምረህ ውሃ ላይ ብታወጣት የመጀመሪያው ቀን ታንጠባጥባለች። ስለዚህ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ሆን ተብሎ ውሃ ሞልተዋት ትከርማለች። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። የማያውቅ ሰው ሲያይ ጀልባ የሰጠመች ይመስለዋል። ፎቶ የሚያነሱም አሉ፣ «የተረሳች ጀልባ» ብለው ለመለጠፍ።

የሞተሩ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ደንበል ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ የጎደጎደው ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። መቂና ካታር የተባሉት ሁለቱ ወንዞች ከየአቅጣጫው ደለል ይዘው ይገቡበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከሥሩ ጭቃውን ያነሳዋል፤ ውሃው ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ ስቦ ነው፤ የሐይቁን ውሃ ሲስብ ደለሉንም ይስባል። ደለሉ የውሃ ፓምፑን ጎማ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጎማው ሲያልቅ ሞተሩ ይግላል፣ ሲግል ፒስተኑ ይነክሳል፣ ፒስተን ከነከሰ ደግሞ ወጪው የአንድ ወቅት ዓሣ ነው። በዚያ ላይ የተቆረጠ የመረብ ክር አለ። የናይለን ክር ከኋላ ሽክርክሪቱ ላይ ይጠመጠምና ዘይት የሚይዘውን ጎማ እየቆረጠ ይገባል፤ በቆረጠበት ዘይቱ ይወጣል፣ ውሃው ይገባል። ባለሞተሩ ይሄን የሚያውቀው ዘይቱ ወተት የመሰለ ቀለም ሲያመጣ ነው። አባቴ የእንዲህ ዓይነት ሞተር ዘይት ሲያፈስ ማንንም ሳይጠይቅ «ባቱ ነው» ይል ነበር።

መለዋወጫ? ካንዴላውን አዳማ ታገኛለህ። ሌላው ከአንዱ ሞተር ተነቅሎ ለሌላው የሚሰጥ ነው፤ ያም ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። ነዳጁም ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጀሪካን ቤንዚን መሸጥ በተከለከለ ቁጥር ታክሲው ሰልፍ ይይዛል፣ ባጃጁም ይሰለፋል። ጀልባ ግን ማደያ ድረስ ነድተህ የምትወስደው ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ የእንጨትና የሞተር ጣጣ ነው። የዛይ ሕዝብ ግን ከዚህ በፊት ለረጅም ዘመን ያለ ሚስማር ኖሯል። ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ፣ ፉንዱሮ፦ አምስቱ የደንበል ደሴቶች የዛይ አገር ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ የተጠለለችባት ናት ተብሎ ይነገራል፤ ብራናዎችም አሏት። ያ ሁሉ ሰው፣ እህል፣ ከብትና መጽሐፍ በውሃ ላይ ተሻገረ ማለት ነው፤ በደንገልና በሌላ የውሃ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ። የደንገል ታንኳ የጥገና ጣጣ የለባትም። ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ዳር አውጥተህ ታደርቃታለህ፣ ከበሰበሰች ትጥላታለህ፣ ሌላ ትሠራለህ። ወጪው ጉልበት እንጂ ብር አልነበረም። ደካማ ናት የሚል ካለ፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና የታጨደ ደንገል ወደ ግብፅ ወስዶ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ አትላንቲክን ሊሻገርባት ተነስቶ ነበር። መንገድ ላይ ተበተነች። በዓመቱ በሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰ፤ የእሷም ደንገል የኛው አገር ነው።

እንጨትና ሞተር ሲመጣ ፍጥነት መጣ፣ ዕዳም አብሮ መጣ። ሽማግሌው እንደነገሩኝ እሳቸው ጋር የሚወጣው ዓሣ ሲሸጥ መጀመሪያ ነዳጁ ይነሳል። ቀጥሎ የጀልባዋና የመረቡ ድርሻ ይቀመጣል፤ የቀረውን ሰዎቹ ይካፈሉታል። አብረዋቸው የሚያጠምዱት ልጆች የጀልባዋን ድርሻ የባለቤቱ ትርፍ አድርገው እንደሚያዩት አውቃለሁ፤ ማንም ወጣት እንደዚያ ነው የሚያስበው። ያ ድርሻ ግን ሬንጅ ነው፣ ጥጥ ነው፣ ያ ያለቀ የፓምፕ ጎማ ነው። ይሄን የሚያሰላ ባለጀልባ ይቆያል። የማያሰላው በጥቂት ዓመት ውስጥ ጣውላውን ለማገዶ ይሸጣል።

የጥገና ጣጣው የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ቦይ ላይ በጠባብ ጀልባ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ቤታቸው ጀልባዋ ናት። ስፋቷ 2 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ርዝመቷ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ሰው አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ደንብ አለበት። እኔን የገረመኝ ግን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ጀልባቸውን ከውሃ አውጥተው ሆዷን ሬንጅ መቀባታቸው ነው፤ ያው የባቱው ሬንጅ! የነሱ ብረት ስለሆነ ደግሞ ጎኗ ላይ የማግኒዥየም ቁራጭ ያስራሉ፣ ዝገቱ ብረቱን ትቶ እሱን እንዲበላ። ጎበዝ ዘዴ ነው።

እኛም እኮ ቦይ አለን። ከአዳማ አፍንጫ ሥር፣ ወንጂ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ስኳር ፋብሪካ ያቋቋሙት ሆላንዶቹ፣ በቦይና በጀልባ የሚታወቅ አገር ልጆች ሆነው፣ ቦዩን አስቆፈሩት፤ ጀልባ ግን አላመጡም። ቦዩ የሸንኮራ አገዳ ማጠጫ ነው። ልጆች ሆነን የቆርቆሮ በርሜል ለሁለት ሰንጥቀን ለመንሳፈፍ የሞከርን አለን፤ የዘበኛው ዱላ ከውሃው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ለአዳማ ሰው ቅርቡ ውሃ ቆቃ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ አዋሽን አቁሞ ሐይቅ ፈጠረ፣ ሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ፈጠረ። እምቦጭም ያስቸግረዋል። ስለ እምቦጭ አገር የሰማው ጣና ሲወረር ነው፤ ቆቃ ግን አረሙ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ ጣና ከመድረሱ ወደ ግማሽ ክፍለ ዘመን ቀድሞ። እምቦጭ ለባለጀልባ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ሽክርክሪቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ይታነቃል፣ ሰውየው ሞተሩን አንስቶ በቢላ ይቆርጣል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ እንደገና ይቆርጣል። አሁን ደንበልም ገብቷል። ከደንበል በታች ቡልቡላ ወንዝ የሚመግበው አብጃታ ደግሞ ውሃው እየሸሸ፣ ጨዉ እየበዛ ዓሣው አልቋል። እዚያ ሬንጅ የሚያፈላ ሰው አታገኙም።

ወደ ቱሉ ጉዶ ለምትሄዱ የምነግራችሁ ይሄ ነው። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ማዕበል ለፎቶ ያምራል እንጂ ለጣውላ አይመችም። ከመሳፈራችሁ በፊት ወለሉን እዩ። ትንሽ እርጥበት ያለ ነው፤ የውሃ መጭለፊያ ጣሳው ከእጅ የማይለይ ከሆነ ግን ሌላ ጀልባ ፈልጉ። የዋና ጃኬት ሳይሰጧችሁ፣ ዋናተኛም ብትሆኑ፣ አትሳፈሩ። በዋጋ ስትከራከሩም ባለጀልባውን ባዶ እጁን አትመልሱት፤ የሚቀንሰው ከጥገናው ላይ ነው፣ የምትቀመጡት ደግሞ እዚያው ጥገና ላይ ነው።

ሌላው፦ አዳማ ወይም ሞጆ ውስጥ ለቆየ የያማሃ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የውሃ ፓምፕ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ። ሽማግሌው ከወር በላይ እየፈለጉ ነው፤ እኔ አደርስላቸዋለሁ።