ደመወዝ የምትሠራዋን ሴት ጠይቂያት

ከዩኒቨርሲቲ የወጡ እህቶቼ በውስጥ መስመር የሚልኩልኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር? የትኛውስ ሰርተፍኬት ሥራ ያስገኝልኛል?» ለየብቻ ስመልስ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልጻፍ።

እኔ የምሠራው መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉባቸውን ሲስተሞች መትከልና ሠራተኛውን ማስለመድ ነው፤ ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ግዥ፣ ንብረት፣ የሰዓት ቁጥጥር። ሥራችን በትክክል ሲሄድ የሁሉም ደመወዝ በቀኑ ይገባል፤ ሲሳሳት ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛው የቤት ኪራይ ይጎድላል። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። እናንተም እንድትገቡበት እፈልጋለሁ።

ኮድ መማር የምትፈልጊ፣ ተማሪ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም የዌብ ፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድን፣ የዳታ ሳይንስንና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስን መሠረታዊ ትምህርት በነፃ ከፍቷል። ጀምረሽ አታቋርጪው። ነገር ግን ያንኑ ሰርተፍኬት ብዙ ሰው ይዞታል። በእኛ ዘርፍ ተፈላጊ የሚያደርግሽ ሲስተሙ የሚያገለግለውን ሥራ ከሥሩ ማወቅሽ ነው።

ለምሳሌ የትርፍ ሰዓት ክፍያን እንይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ከውጭ ተገዝቶ የመጣው ሲስተም ምሽት 4 ሰዓትን የሚያውቀው 22፡00 ብሎ ነው። የፈረቃ ኃላፊው ግን ወረቀቱ ላይ 4፡00 ብሎ ይጽፋል። መዝጋቢዋ እንዳለ ካስገባችው ማሽኑ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ የጥበቃው ክፍያም ይዛባል። ዒድ ደግሞ ጨረቃ ታይቶ የሚወሰን በዓል ነው፤ አንዳንዴ ቀኑ የሚታወቀው ዋዜማው ላይ ነው። በዚያ ምሽት የበዓል ሰሌዳውን ማን ያስተካክላል? ጳጉሜንም አለች። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ አይከፈለውም፤ የቀን ሠራተኛ ግን ሠርቶባታል። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የማያውቅ ሲስተም እነዚያን 5 ወይም 6 ቀናት የት ያስቀምጣቸው?

ስም ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሲስተሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ቅርንጫፍ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም እዚያ ቦታ ላይ ይሞላል፤ አንዲት ሠራተኛ ሁለት ሰው ሆና ትመዘገባለች። ፀሐይ የምትባለዋ በፀሐዩ ፀ የተመዘገበችበትን መዝገብ በጸሎቱ ጸ የፈለገ አያገኘውም። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ጡረታዋ በሁለት ስም ተከፍሎ የተገኘ ቀን ግን የሚደርሰውን እንግልት አስቢው።

ይህን ሁሉ ማን ያውቃል? በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የምትሠራ ወይም መዝገብ ቤት የምትይዝ አንዲት ነባር ሴት አለች። ሥራ የጀመርሽ ሰሞን ወንበርሽን ወስደሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ በተለይ ወር ማብቂያ ላይ። «እትዬ፣ ይሄን ለምን በእጅ ያስተካክሉታል?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዩኒቨርሲቲ የወጡት ላይ የሚቆረጠውን የወጪ መጋራት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩን ተቀናሽ፣ ፍርድ ቤት የወሰነውን የልጅ ቀለብ፣ በወሩ አጋማሽ የለቀቀውን ሰው ሂሳብ አንድ በአንድ ታሳይሻለች። በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔም ከ14,000 ብር በላይ ላለው ሲሆን፣ ለውጡ የማንን ኪስ እንዴት እንደሚነካ ቀድመው በወረቀት ያሰሉት እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ናቸው። እኛ ወደ ሲስተሙ ያስገባነው እነሱ የነገሩንን ነው።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። በፕሮጀክት ቡድን ውስጥ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ማኑዋል መጻፍና ቃለ ጉባኤ መያዝ ለሴቶች ይሰጣል። ከዚያ ዕድገት ሲመጣ «እሷ ቴክኒካል አይደለችም» ይባላል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው። ሠራተኛው የት ቦታ ግራ እንደሚጋባ የምታውቀው አሠልጣኟ ናት፤ የሲስተሙ ንድፍ መነሳት ያለበትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ሥልጠናውን እምቢ አትበዪ፤ በሥልጠና ያገኘሽውን ችግር ግን ቁጥር ሰጥተሽ፣ ስምሽን ጽፈሽ፣ መፍትሔውን አስከትለሽ ለንድፍ ስብሰባው አቅርቢ። ወንበርም ጠይቂ። የሥራ መደብሽና ደመወዝሽ ይህን ሥራ እንዲጠቅሱ በጽሑፍ አመልክቺ።

የዘርፉ ታሪክ ራሱ ይመሰክርልሻል። ሊዮ የተባለውን፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ የሠራውን የመጀመሪያ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ ያዋለው በሻይ ቤቶቹ የሚታወቀው የእንግሊዙ ላየንስ ኩባንያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን የተቀላቀለችው ሜሪ ኩምብስ በንግድ ሥራ ፕሮግራም በመጻፍ የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች፤ ከሠራቻቸውም አንዱ የደመወዝ ሂሳብ ነበር። እስቴፋኒ ሸርሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የሶፍትዌር ድርጅት ስትከፍት የሥራ ደብዳቤዎቿ መልስ እያጡ ቢያስቸግሯት «ስቲቭ» ብላ መፈረም ጀመረች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ልጅ እያሳደጉ ከቤታቸው ይሠሩ ነበር።

ልጅ ካነሳሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። ከወሊድ ስትመለስ ፕሮጀክቷ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጥሪ ወደሚቀበሉበት ጠረጴዛ የተመለሰች ባልደረባ አለችኝ። ምን ያህል እንዳዘነች አይቻለሁ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የሠራሽውን በዝርዝር ጽፈሽ አስረክቢ፤ ወደየትኛው ሥራ እንደምትመለሺም ከአለቃሽ ጋር በደብዳቤ ተስማሚ። ቃል ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሥራ የሁሉን ሰው ደመወዝ፣ ሕመምና ቅጣት ታያለሽ። ለጓደኛም ሆነ ለአለቃ ወዳጅ አታውሪ። ከ2016 ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን፤ አዋጁ ባይኖርም ግን የሰው ገመና ነው።

ይህን የምታነቡ የአይቲና የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን ሲስተም ለመግዛት ኮሚቴ ስታቋቁሙ ደመወዝ የምትሠራዋን አባል አድርጓት፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሳይሆን ከመፈረሙ በፊት ትጠየቅ። እህቶቼ ደግሞ፣ ሥራ ስትጀምሩ ማን አጠገብ እንደተቀመጣችሁና ምን እንዳስተማረቻችሁ ጻፉልኝ። ዘግይቼም ቢሆን እመልሳለሁ።