ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጂ

ባልሽ አሜሪካ፣ አንቺ አምቦ ወይም ጉደር ሆነሽ የኤምባሲ ቀጠሮ እየጠበቅሽ ይሆናል። እህቶች ቤታችን መጥተው "ጸልዪልኝ" ካሉ በኋላ "ምን ብዬ ልመልስ?" ይሉኛል። የሆነውን ነዋ! ቆንስሉ ማወቅ የሚሻው ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ነው።

ቀኖቹን አመሳክሪ። ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በፈረንጆች ጃንዋሪ 21 ቀን 2023 ነው። የአንዲት እህት ባል በስምንት ፈንታ ሰባት ዓመት ደምሮ ስለ ሞላ፣ በወረቀቱ ላይ ሳይተዋወቁ ተጋብተው ተገኙ! በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውንም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሚ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልጅ ነገር ነው። ከጋብቻ በፊት ወልደሽ እናትሽ ጋ የሚያድግ ልጅ ካለሽ፣ ደላላው "ደብቂው" ይልሻል፤ የጉባኤውም ሐሜት ያስፈራሻል። አትደብቂው። ቅጹ ልጆችሽን በሙሉ ይጠይቃል፤ ሆን ብሎ መዋሸት ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ስትጋቡ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕጋቸው የባልሽ እንጀራ ልጅ ነው፤ ባልሽ ዜግነት ካለው ለልጁ ለብቻው ማመልከቻ ያስገባለታል። ስለ ልጁ እስካሁን ያልነገርሽው ከሆነ፣ ቆንስሉ ፊት ከመቆምሽ በፊት ካንቺው አፍ ይስማ።