ዘኒትና የቀሐ ውሃ

ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ በቀሐ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው የፋሲል መዋኛ፣ ውሃው እንደተባረከ ወጣቶች እየዘለሉ ይገቡበታል። ዝላዩን በፊልም ለማስቀረት የሰከንድ 1/500ኛ ይበቃል። አሮጌው የዘኒት ካሜራ የሚከዳውም ያኔ ነው። ፊልሙ ሲታጠብ ዘላዩ በግማሹ ይወጣል፤ የቀረው የፎቶው ጎን ጥቁር ነው።

ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። ሞስኮ አቅራቢያ ክራስኖጎርስክ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው ዘኒት ኢ በሆዱ ሁለት የጨርቅ መጋረጃ አለው፤ የፊተኛው ይከፍታል፣ የኋለኛው ተከትሎ ይዘጋል። በ500 ሲነሣ ብርሃን የሚገባው በመካከላቸው ባለች ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። ዓመታት ያስቆጠረው ቅባት ረግቶ፣ የጥር ብርድ ሲጨመርበት፣ የፊተኛው ይለግማል። የኋለኛው ይደርስበታል። ክፍተቷ መንገድ ላይ ትጠፋለች።

የባለቤቱ እጅ ታዲያ ወደ ልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሄዳል። ጠብ ሲያደርግበት ካሜራው ለጥቂት ቀን ይፈታል፤ ከዚያ ዘይቱ እየሰረገ መጋረጃው ላይ ይደርሳል፣ የበጋውንም አቧራ ይሰበስባል። ካሜራ በደግነት የሚገደለው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ የረጋውን ቅባት ማንሣት ነው። የታች ክዳኑ በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል፤ ስቴክኒ ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ የላይተር ቤንዚን ነክቶ የውስጥ ጥርሶቹን ጥቁር ዝቃጭ ይጠርጋል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ጨርቁ አይነካም። ቤንዚኑ ሲተን፣ የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ ተጨልፎ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበት ቦታ ላይ ብቻ ይነካካል፤ ጠብታ እንኳ ይበዛል። በድሮዎቹ ተጣጣፊ የጀርመን ካሜራዎች፣ በኮምፑርና በፕሮንቶር ሸተሮች (የብርሃን መዝጊያዎች)፣ ሕጉ ይብሳል፦ ስስ የብረት ቅጠሎቹ ፍጹም ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ዘይት ካገኛቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ይጣበቃሉ። ግሪስ የሚፈቀደው ለሌንሱ ማስተካከያ ጥርስ ነው፣ እሱም በስሱ።

ወደ ዋልታና ወደ ረጃጅም ተራራ ይዘዋቸው የሚወጡትን ካሜራዎች ቅባት፣ ብርድ እንዳያረጋው፣ አስቀድመው ያስወጡላቸው ነበር። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣም ይኸው ይሠራል።

ድካሙ ይገባዋል። ዘኒት ኢ ባትሪ አይጠይቅም፤ የብርሃን መለኪያው እንኳ በሴሌኒየም ከብርሃኑ ራሱ ይሠራል። እንዲህ ያለ ዕቃ በረጋ ቅባት ምክንያት ቁም ሣጥን ውስጥ መቅረቱ ያሳዝናል።

የፋሲል መዋኛ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ተጠርጎ ነው የቀሐ ውሃ በቦይ የሚለቀቅበት። ዘኒቱም በዚያው ሰሞን ይፈተናል፦ ፊልም ሳይገባ ጀርባው ተከፍቶ ወደ መስኮት ይያዛል፣ 500 ላይ ተደርጎ ይጫናል። የብርሃኑ ብልጭታ ከዳር እስከ ዳር ከታየ፣ ባለ 36ቱን ፊልም ይጎርሳል።